የ1998ቱ ብድር፣ የተደበቀው ኮሚሽንና የባለቤትዎ ካርድ

ጥያቄ፦ «ለንደን የምኖር የሚኒካብ ሾፌር ነኝ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ለመኪና መግዣ ከባንክ 9,000 ፓውንድ ተበድሬ በአምስት ዓመት ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሰሞኑን የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ‹የክፍያ ዋስትና ኢንሹራንስ› ተብሎ 2,000 ፓውንድ በብድሩ ላይ መጨመሩን አየሁ። ሲያስፈርሙኝ ያለ እሱ ብድሩ አይፈቀድም ብለውኝ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጠፋ ኢንሹራንሱ ይክፈልልኝ ብዬ ብደውል፣ የግል ሠራተኛ ስለሆንክ አይመለከትህም አሉኝ። ተናድጄ ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላመለከትኩም። አሁን አንድ የምናውቀው ሰው 250 ፓውንድ ስጠኝና ላስመልስልህ ይለኛል። ልክፈለው? ገንዘቡስ ይመለሳል? ባለቤቴም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የምትጠቀምበት የሱቅ ክሬዲት ካርድ አላት፤ በየወሩ በዚያው ስም ጥቂት ፓውንድ ይቆረጥባታል።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሰውዬው 250 ፓውንዱን አይክፈሉ። የቀረውን ሁሉ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ቢያንስ ይህችን ይያዙልኝ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግሁት ዓመቶቹን መቀየር ነው። እርስዎ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የእንግሊዝ ባንክና ፍርድ ቤት የሚያውቁት የራሳቸውን ነው። ብድሩ የተወሰደው በግንቦት 1998 ዓ.ም. ከሆነ በእነርሱ ሜይ 2006 ነው፤ ተከፍሎ ያለቀው በሜይ 2011፤ ሥራ ጠፍቶ የደወሉትም በ2008 መጸው ነው። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በማመልከቻ ላይ ዓመት ተሳስቶ በመጻፉ ብቻ ባንኩ «እንዲህ ያለ ሒሳብ የለንም» ብሎ የመለሳቸው የአገሬ ሰዎች አጋጥመውኛል። በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በቀን ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የደረሰብዎት ነገር በብሪታንያ ፒ.ፒ.አይ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ነው። ተበዳሪው ቢታመም፣ አደጋ ቢደርስበት ወይም ከሥራ ቢባረር ወርኃዊ ክፍያውን ኢንሹራንሱ እንዲከፍልለት ታስቦ የተሠራ ውል ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ክፉው አሻሻጡ ነው። ብድር ፈላጊው ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ፣ ገንዘቡን ለማግኘት ቸኩሎ፣ ብዕር በእጁ ይዞ ሳለ ይሸጥለታል። ለአንዱ ግዴታ ነው ይሉታል፣ ለሌላው ምንም ሳይነግሩት ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርገው ያስፈርሙታል። ጡረተኛ፣ ሥራ የሌለው፣ ነባር ሕመም ያለበት፣ እንደ እርስዎ በግሉ የሚሠራ፣ ማለትም ከውሉ አንድም ቀን ሊጠቀም የማይችል ሰው ሳይቀር ገዛው። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የነፃ ምክር ድርጅት በ2005 ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ አቤቱታ አቀረበ። በ2009 ያለ መያዣ በሚሰጥ ብድር ላይ ሙሉ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ዋጋ፣ በአንድ ጊዜ ጭኖ መሸጥ እንዲቆም ተደረገ። ባንኮቹ በ2010 የወጣውን የቅሬታ አያያዝ መመሪያ ለማስሻር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደው በኤፕሪል 2011 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለደንበኞች የተመለሰው ገንዘብ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የእርስዎ ድርሻ ለምን አልደረሰዎትም? አልጠየቁማ። ባንኮችን የሚቆጣጠረው የፋይናንስ ምግባር ባለሥልጣን ለቅሬታ ማቅረቢያ የመጨረሻውን ቀን ኦገስት 29 ቀን 2019 አድርጎ ቆረጠ፤ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣና በአውቶቡስ ላይ ማስታወቂያ ተነገረ። የአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ጭንቅላት ምስል እየተሽከረከረ «ፍጠኑ» ሲል የነበረው ማስታወቂያ ትዝ ይልዎት ይሆናል፤ ነገሩ ይኸው ነበር። እስከዚያ ቀን ሳያመለክቱ የቀሩ ሰዎች ከኦገስት 29 ቀን 2017 በፊት ስለተሸጠላቸው ኢንሹራንስ ለባንኩም ሆነ በደንበኛና በባንክ መካከል ያለን ቅሬታ ለሚያየው የፋይናንስ እንባ ጠባቂ የሚያቀርቡት ተራ ቅሬታ ተቀባይነት የለውም። ልዩ ሁኔታ የሚባል ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በእነዚያ ዓመታት በጽኑ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ሰው ዓይነቱን የሚመለከት ነው። አለማወቅ ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝኛ በደንብ አለማንበብም ብቻውን ይበቃል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ልቤ ግን ያዝናል፣ ምክንያቱም ውሉ በአስቸጋሪ እንግሊዝኛ ተጽፎ ከተሸጠላቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ማስታወቂያውም ያልገባቸው ናቸው።

አሁን ረጋ ብለው የሚያነቡት ክፍል ይህ ነው። እርስዎ አንድ በደል ደርሶብኛል ብለው ነው የጻፉልኝ። ሕጉ ግን በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ሁለት በደል ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው በደል የማይሆንዎትን ነገር መሸጣቸው ነው። «ያለ እሱ ብድር የለም» ብለዋል፤ የግል ሠራተኛ መሆንዎን እያወቁ ለሥራ ማጣት አይከፍልዎትም የሚለውን አልነገሩዎትም። በ2015 ቢመጡልኝ ኖሮ ይህ ቅሬታ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው እልዎት ነበር። በዚህ በኩል ግን ይርጋው፣ ማለትም ሕግ ለመጠየቂያ የሰጠው ጊዜ፣ አልፏል፤ የቅሬታው በር በ2019 ተዘግቷል። ለፍርድ ቤትም ቢሆን በ2008 በስልክ «አይመለከትህም» ሲሉዎት ውሉ እንደማይጠቅምዎት አውቀዋል። ባንኩ ይህን የስልክ ጥሪ ራሱ መልሶ ያነሳብዎታል።

ሁለተኛው በደል ማንም ያልነገረዎት፣ በወረቀቱም ላይ ያልተጻፈ ነው፤ ከ2,000 ፓውንዱ ስንቱ ኢንሹራንስ ስንቱ ኮሚሽን ነበር? ፕሌቪን የተባሉ ባልቴት መምህርት በ2006፣ ልክ እርስዎ በተበደሩበት ዓመት፣ 34,000 ፓውንድ ተበደሩ። ለኢንሹራንሱ 5,780 ፓውንድ ተጨመረባቸው። ከዚህ ውስጥ ለኢንሹራንስ ኩባንያው የደረሰው 1,630 ፓውንድ ብቻ ነው፤ 1,870ውን ደላላው፣ 2,280ውን አበዳሪው ወሰዱት። ከመቶ 71.8 እጁ ኮሚሽን ነበር ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2014 ይህን ያህል ኮሚሽን ደብቆ ማስፈረም በ1974ቱ የፍጆታ ብድር ሕግ መሠረት በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል «ፍትሐዊ ያልሆነ ግንኙነት» ይፈጥራል አለ። በኋላ የተጨመረው ይህ የሕጉ ክፍል ከ2007 በፊት የተፈረሙ ውሎችን የሚነካው እስከ ኤፕሪል 2008 ድረስ ያልተቋጩ ከሆኑ ነው፤ የእርስዎ እስከ 2011 ስለ ዘለቀ ይነካዋል።

ለዚህ ሁለተኛ በደል መደበኛው ይርጋ ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ነው። የእርስዎ በሜይ 2011 አብቅቶ በሜይ 2017 ጊዜው ያልፋል። ሆኖም የይርጋ ሕጉ ራሱ «ተከሳሹ ነገሩን ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ፣ ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከሳሹ ድብቁን ካወቀበት ወይም በተገቢ ጥረት ሊያውቅ ይችል ከነበረበት ቀን ነው» የሚል አንቀጽ አለው። በኖቬምበር 2023 የተወሰነው የፖተር ጉዳይ በዚሁ አንቀጽ ላይ የተመሠረተ ነው። ወይዘሮዋ በ2006 ተበድረው በ2010 ከፍለው ጨርሰዋል፤ ከ3,834 ፓውንዱ አረቦን ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ኮሚሽን እንደነበር ያወቁት በ2018 ነው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ አበዳሪው ኮሚሽኑን ላለመናገር አስቦበት ስለደበቀ ይርጋው አላለፈም አለ። ልብ ይበሉ፣ ወይዘሮ ፖተር ከዚያ ቀደም በቅሬታ መንገድ ከፊሉን ተቀብለው ነበር፤ ያም ቀሪውን ከመጠየቅ አላገዳቸውም።

ታዲያ ከ2008ቱ ስልክ ጋር ያለው ልዩነት ገባዎት? ያን ቀን ያወቁት ኢንሹራንሱ እንደማይከፍልዎት ነው። ከገንዘብዎ ስንቱ ወደ ባንኩ ኪስ እንደገባ አላወቁም፤ የነገረዎትም የለም። ሁለቱን በደሎች ቀላቅለው አንድ ደብዳቤ ከጻፉ ባንኩ የመጀመሪያውን ይርጋ በሁለተኛው ላይ ይጭንብዎታል። ስለዚህ ለየብቻ ያስቀምጧቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልሸፍንብዎት አልፈልግም፤ በሩ ጠባብ ነው። ባንኩ የሚለው ገና ካሁኑ ይሰማኛል፦ «ከ2017 እስከ 2019 አገር ምድሩ ስለ ፒ.ፒ.አይ. ሲያወራ እርስዎ በተገቢ ጥረት ሊያውቁት ይችሉ ነበር፤ ከዚያም ቢቆጠር ስድስት ዓመቱ በኦገስት 2025 ሞልቷል።» ዳኛው ይህን ይቀበላል አይቀበልም የሚለው በእርስዎ ታሪክ ላይ የሚወሰን ነው፤ ምን ያነባሉ፣ ከባንኩ ደብዳቤ ደርሶዎት ነበር ወይ፣ ወረቀቱን መቼ አገኙት፣ ኮሚሽን የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ከማን ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ቀዳሚ ተስፋዬን በዚህ ላይ አልጥልም፤ ወጪ የሌላቸውን እርምጃዎች ግን አልተውም ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ያ ብድር በእርግጥ በ2011 ብቻውን አለቀ? ወይስ መሀል ላይ ባንኩ «ጨምረን እናበድርዎ» ብሎ አሮጌውን በአዲስ ብድር ውስጥ ጠቅልሎታል? በታክሲ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን መኪና ሲቀይሩ ይህን በብዛት ያደርጉ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሕጉ የተጠቀለለውን ብድር ከአዲሱ ጋር አያይዞ የሚያይበት መንገድ አለ፤ ቆጠራውም ከመጨረሻው ብድር ማብቂያ ሊጀምር ይችላል። የባንክ መግለጫዎን አይተው ይመልሱልኝ።

ስለ ገንዘቡ መጠን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሰውዬው ብዙ ሺህ ፓውንድ ብሎዎት ሊሆን ይችላል። ብድሩ ለምሳሌ በዓመት 9 በመቶ ወለድ በየወሩ እየተሰላ ለ60 ወር ከነበረ፣ 2,000 ፓውንዱ ብቻውን በወር 41 ፓውንድ ከ52 ሳንቲም ያህል አስከፍሎዎታል፤ በጠቅላላው 2,491 ፓውንድ ገደማ። የማይሆን ነገር በመሸጥ ቅሬታ ቢሆን ኖሮ የሚመለሰው ይህ ሁሉና በላዩ ላይ በዓመት 8 በመቶ ቀላል ወለድ ነበር። በኮሚሽን ቅሬታ ግን ባለሥልጣኑ ያወጣው ቀመር ከመቶ ሃምሳ በላይ ያለውን ኮሚሽን ብቻ የሚያስመልስ ነበር፤ ኮሚሽኑ 70 በመቶ ቢሆን ከ2,491ዱ ሃያ በመቶው፣ 498 ፓውንድ ያህልና ወለዱ። ፍርድ ቤት በዚህ ቀመር አይታሰርም፣ ከዚያ በላይ ሊወስን ይችላል። (ከዚህ ቀደም ገንዘብ የተመለሰላቸው አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይመልከቱ፦ ባንኩ ከ8 በመቶው ወለድ ላይ 20 በመቶ ግብር ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ያን ግብር አር 40 በሚባለው ቅጽ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ማስመለስ ይችላሉ፤ ጊዜው የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ነው።)

አሁን ምን ያድርጉ? ውሉን ያገኙትን ዋናውን ወረቀት ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ ኮፒውን ብቻ። ብዙ ባንኮች ብድሩ ካለቀ ከስድስት ዓመት በኋላ መዝገቡን ስለሚያስወግዱ፣ በዚህ ጉዳይ ማስረጃ ያለዎት ምናልባት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ ለባንኩ የግል መረጃ ጥያቄ ይጻፉ። ከሜይ 2018 ጀምሮ ይህ በነፃ ነው፤ ባንኩም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ሙሉ ስምዎ፣ ያኔ የነበሩበት አድራሻ፣ የትውልድ ቀንዎ፣ የብድሩ ቁጥር፤ ከዚያም ስለዚህ ብድርና ስለ ኢንሹራንሱ ያለዎትን መረጃ ሁሉ፣ የተከፈለውን አረቦን፣ የክፍያ መግለጫዎችን፣ በ2008 የተደረገውን የስልክ ንግግር መዝገብ ላኩልኝ የሚል። በተለየ አንቀጽ ደግሞ ባንኩ ከዚህ ሽያጭ ያገኘውን ኮሚሽንና የትርፍ ድርሻ እንዲነግርዎት ይጠይቁ። ኮሚሽኑን በግል መረጃ ስም ብቻ አንገልጽም ሊሉ ይችላሉ፤ እምቢታቸውም ቢሆን በጽሑፍ ቢኖርዎት ይጠቅማል። ስለ በደል፣ ስለ ንዴት፣ ስለ ፍርድ ቤት በዚህ ደብዳቤ ምንም አይጻፉ።

መልሱ ሲመጣ፣ ወይም አንድ ወር አልፎ ሳይመጣ ሲቀር፣ ወረቀቶቹን ይዘው በሰፈርዎ ወዳለው ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ሎው ሴንተር ወደሚባለው የሕግ ምክር ቢሮ ይሂዱ። ሁለቱም በነፃ ነው፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ። ልጅዎን ለማስተርጎም ባይወስዱት እመርጣለሁ፤ አንድ የተዘለለ ቃል ሙሉ ታሪክ ሲያጣምም አይቻለሁ። ክስ ከ10,000 ፓውንድ በታች ሲሆን በአብዛኛው በአነስተኛ ክሶች መዝገብ ይታያል፤ እዚያ የተሸነፈ ሰው በመደበኛው የባንኩን ጠበቃ ወጪ አይከፍልም። ይሁንና ዳኛው ጉዳዩ ውስብስብ ነው ብሎ ወደ ሌላ መዝገብ ካሻገረው የወጪው ሥጋት ይለወጣል። ስለዚህ ሕግ አዋቂ ሳያየው ክስ አይክፈቱ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ከጁላይ 2018 ጀምሮ በፒ.ፒ.አይ. ቅሬታ የሚሠራ አስመላሽ ማስከፈል የሚችለው፣ ከፍርድ ቤት ሥራ ውጭ፣ ከተገኘው ገንዘብ 20 በመቶና ተጨማሪ እሴት ታክሱን ብቻ ነው። ምንም ካልተገኘ ሃያ በመቶውም ዜሮ ነው። ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ይህን ሥራ የሚሠራ ድርጅት በፋይናንስ ምግባር ባለሥልጣኑ መፈቀድ አለበት፤ ጠበቃ ከሆነ ደግሞ በጠበቆች ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁለቱም መዝገቦች በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው። የሰውዬውን ሙሉ ስምና የድርጅቱን ቁጥር ይጠይቁት፤ ካልነገረዎት መልሱን አግኝተዋል። የምናውቀው ሰው ነው፣ አብሮን ያስቀድሳል፣ ልጆቹን እናውቃለን ማለት ፈቃድ አይሆንም። እርስዎ በ2006 ያንን ጠረጴዛ ያመኑት ሻጩ ሰው አክባሪ ስለነበረ ነው፤ ያንኑ እምነት ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሸጥበት አልፈልግም።

በመጨረሻ መስመር ያስገቡት የባለቤትዎ ካርድ ግን ከሁሉም ይልቅ ዓይኔን የሳበው ነው። ካርዱ ከ2003 ወይም 2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም ይሠራል፤ ገንዘቡም ዛሬም ይቆረጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2023 በስሚዝ ጉዳይ ያየው ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ አቶ ስሚዝ የኢንሹራንሱን ክፍያ በ2006 አቁመው የክሬዲት ካርዱ ውል ግን እስከ 2015 ቆይቷል፤ በ2019 ከሰሱ፤ ባንኩ ጊዜው አልፏል ቢልም ፍርድ ቤቱ ፍትሐዊ ያልሆነው ግንኙነት የሚታየው የብድር ግንኙነቱ ሲያበቃ ነው፣ ይርጋውም ከዚያ ይቆጠራል አለ። የባለቤትዎ ግንኙነት ገና አላበቃም። ስለዚህ በተደበቀ ኮሚሽን ለመክሰስ የእርሳቸው ጉዳይ ከእርስዎ ይልቅ በብዙ የቀና ነው። ተራው የቅሬታ መንገድ በ2019 ለእርሳቸውም ተዘግቷል፤ የቀረው የፍርድ ቤቱ ነው። በየወሩ ጥቂት ፓውንድ ቢመስልም ከሃያ ዓመት በላይ የተቆረጠውን ሲደምሩት ከእርስዎ 2,000 ሊበልጥ ይችላል።

ካርዱን ነገ ሄደው እንዳይዘጉት። መጀመሪያ የወር መግለጫዎቹን ሁሉ ይሰብስቡ፤ ካርዱ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ መቁጠር ይጀምራል፣ የድሮ መግለጫዎችንም በኢንተርኔት ማየት ሊያስቸግር ይችላል። ኢንሹራንሱን ማቋረጥ ሌላ ነገር ነው፤ ካርዱ እንዳለ እርሱን ብቻ ማስቆም ይቻላል። ከማስቆምዎ በፊት ግን ባለቤትዎ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው ወይ፣ ዕድሜያቸው ውሉ ከሚሸፍነው አላለፈም ወይ፣ በቅርብ ዓመታት ታመው ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ነበር ወይ የሚለውን ይዩ። ታመው ከነበረና ውሉ የሚሸፍናቸው ከሆነ ኢንሹራንሱ እንዲከፍል አሁኑኑ ያመልክቱ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢከለክላቸው በዚያ ክልከላ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በ2019 ቀን አይታገድም፣ ለፋይናንስ እንባ ጠባቂውም በነፃ ይቀርባል። ባንኩ ወይም ሱቁ የመጨረሻ መልሱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ያላቸው ጊዜ ስድስት ወር ነው።

ለሲቲዝንስ አድቫይስ ቀጠሮ ሲይዙ እንግዲህ በባለቤትዎ ስም ይያዙት፣ የካርዱንም መግለጫ ከላይ ያድርጉት። የእርስዎን የ2006 ውል ከሥሩ ያስቀምጡት።